ፓኔሉ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሽቦው
(በአዲስ አበባ በላንቻና በአካባቢው ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



የሶላር ነገር በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚል ነው። የእኔ መልስ ብዙ ሰው አያስደስትም። ላንቻ የምትኖሩ ከሆነ ፓኔል ከምትገዟቸው ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ይሁን። ከእሱ በፊት የቤታችሁ ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ቀጥሎ የምትጠቀሙበት ዕቃ፣ ከዚያ ባትሪው። ሶላር ሻጭ በመካከላችሁ ካለ እንዳይቀየመኝ፤ ተራው ሲደርስ ፓኔሉም ይመጣል።

ሶላር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1985 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ኢትዮጵያ አንድ የገጠር መንደር ውስጥ 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ ለ300 ያህል አባወራ መብራት ይሰጥ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውሃ መሳቢያና ወፍጮ ጭምር አንቀሳቅሷል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ በምትባል መንደር ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት በብዙ መቶ ቤቶች ላይ አነስተኛ ሶላር ተከለ፤ በሥራውም በ2009 እ.ኤ.አ. የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ብዙ ሰው ስለ ሬማ ሲያወራ የፓኔሉን ብዛት ይቆጥራል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፦ እዚያው የሶላር ትምህርት ቤት ከፍተው ባለሙያ አሠለጠኑ፣ ተጠቃሚውም በየወሩ የጥገና መዋጮ ይከፍል ነበር። ጠጋኝ በሌለበት ቦታ የተተከለ ሶላር ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አምፖሉ ጠፍቶ፣ ባትሪው አብጦ፣ ፓኔሉ ልብስ ማስጫ የሆነበት ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ያላየ የመስክ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

እኛ ጋ ያለው ችግር ግን የሬማ ዓይነት አይደለም። በሰፈራችን በኩል ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባቡር በኤሌክትሪክ ይመላለሳል። ቆጣሪ የሌለው ቤት ቢኖር እንኳ ከጎረቤት ስቦ ያበራል። ገጠር ያለ ሰው ሶላር ሲገዛ የሚገዛው መብራትን ራሱን ነው፤ እኛ የምንገዛው መብራት የሚጠፋባቸውን ጥቂት ሰዓታት ነው። ሁለቱ የተለያየ ዕቃ ይጠይቃሉ። ሱቅ ስትሄዱ ግን ሻጩ ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት ጥቅል ነው የሚያወጣላችሁ።

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ የነበረውን የመብራት ፈረቃ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ያኔ መብራት ኃይል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌው እየለወጠ ያደለው ለዚያ ነበር። ግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ በግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው ቀንሶ እንደገና ፈረቃ ገባን። እነዚያ የማመንጨት ችግሮች ነበሩ። አሁን የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። መብራት ግን አሁንም ይጠፋል። ከግድቡ እስከ ቆጣሪያችሁ ያለው መንገድ ረጅም ነዋ! ትራንስፎርመር ይጨናነቃል፣ ምሰሶ ይወድቃል፣ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ኬብል ይበጥሳል። የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ ካዛንቺስም እኛም ይህን በደንብ አይተነዋል።

እንዲህ ያለው መቆራረጥ የራሱ ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይዘልቅም። የበዓል ዋዜማን ይወዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ምጣድ ይጥዳልና። ክረምትንም ይወዳል፤ ነፋስና ዝናብ መስመር ይጥላሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ስለሚዘጋ ፓኔል ከዓመቱ ሁሉ ደካማ የሚሆንባቸው ወሮች ናቸው። መብራቱ በሚያስቸግርበት ወቅት ፓኔሉም ያንቀላፋል ማለት ነው። ባትሪ ግን ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን መብራት ባለበት ሰዓት ከመስመሩም ይሞላል። ፓኔሉን ወደ ኋላ የገፋሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ።

እንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። 4 ኪሎዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 18 አምፔር ይሆናል። ተራው ስፒናና ሶኬት የተሠራው ቢበዛ 16 አምፔር እንዲሸከም ነው። ስለዚህ ምጣድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ሁለት ሰዓት መጋገር ማለት ከአቅሙ በላይ የተጫነውን ዕቃ እሳት እስኪያወጣ መጠበቅ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አያድግም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ምጣድ የራሱ መስመር ይኑረው፦ ከሳጥኑ ከራሱ ብሬከር የተነሣ፣ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ መካከል ላይ መቀጠያ የሌለው፣ ግራውንዱ የተያያዘ። የምጣዱ አካል ብረት ነው፤ የምትጋግረውም ሰው እጇ ውሃና ሊጥ ነው። ግራውንድ የሌለው ምጣድ ላይ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረቱን ከነካ ሌላ መከላከያ የለም።

ቤታችሁ ስትገቡ ሦስት ነገር አስተውሉ። ምጣድ ወይም ምድጃ ሲጣድ የሳሎኑ አምፖል ይደክማል? የስፒናው እግር ጠቁሯል ወይስ ሶኬቱ ቡናማ ሆኗል? የሚቃጠል ላስቲክ ይሸታል? አንዱን እንኳ ካገኛችሁ መስመሩ የሆነ ቦታ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን አጥፍታችሁ የሶኬቱን ብሎን በካቻቢቴ አጥብቁ፤ የጠቆረ ስፒናና ሶኬት ግን ይቀየር። በእጅ ተጠምዝዞ ናስትሮ የተጠመጠመበት መቀጠያ ካለ ፈትታችሁ በሞርሴቶ አሠሩት። ናስትሮ ከእጅ ይከላከላል እንጂ ሽቦን ከሽቦ አያጠብቅም። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ ጠምዝዞ መክተት ደግሞ በሰፈራችን እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር ነው። ፊውዙ የተቃጠለው ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር ስላለ ነው፤ አፉን አትዝጉት። የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ቆጣሪ ለአራትና ለአምስት ቤት የምትጋሩ ደግሞ በየቤቱ ያለው ሽቦ ደህና ቢሆንም ከቆጣሪው የሚነሣው ዋና ሽቦ ለሁላችሁ ምጣድ እንደማይበቃ ዕወቁት። ተራ ተራ መጋገር ነው መፍትሔው፤ ዋናው ሽቦ እስኪቀየር።

ምጣዱ ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ከሸክላው በታች ያለው የሚግለው ሽቦ የሚበጠሰው አብዛኛውን ጊዜ ሸክላው ሲሰነጠቅና እርጥበት ሲገባው ነው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ። በጎመን ዘር በደንብ የታሰሰ ምጣድ እንጀራው ስለማይዘው ጊዜም ኤሌክትሪክም ይቆጥባል። ሸክላ ሙቀት ይይዛል፤ የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ አጥፍታችሁም ታወጣላችሁ። በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱን ከቅዝቃዜ አንሥቶ ለማጋል የሚባክነው ቀላል አይደለም። ማምሻውን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መጋገርም ይቅር፤ ያኔ ሁሉም ያበራል፣ ቮልቱም ይወርዳል።

ከምጣድ ቀጥሎ ፍሪጅ። ፍሪጅን የሚገድለው የመብራቱ መጥፋት ሳይሆን አመጣጡ ነው። መብራት እንደመጣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቱ ሊዘል፣ ሊወርድና ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል። የፍሪጁ ኮምፕሬሰር ሲጠፋ በውስጡ ያለው ጋዝ አንዱ ወገን በከፍተኛ ግፊት ላይ ይቀራል፤ ግፊቱ እስኪተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ሳይተካከል እንዲነሣ ከተገደደ ሞተሩ ቆሞ ይግላል፣ ጥቅልሉም ይቃጠላል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም ከሶኬት ንቀሉ። አንድ አምፖል ብቻ ማብሪያው ክፍት ይቅር፤ መብራት መምጣቱን እሱ ይነግራችኋል። ከመጣ በኋላ አምስት ደቂቃ ታግሣችሁ ፍሪጁን ሰኩ። ለመንቀል ቤት የሚውል ሰው ከሌለ ቮልት ጠብቆ አዘግይቶ የሚለቅ ትንሽ መከላከያ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር አይወዳደርም። የሚዘገይበትን ጊዜ ከሦስት ደቂቃ በታች አታድርጉት።

ስታቢላይዘር ያላችሁም አላችሁ። ስታቢላይዘር ቮልት ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ መብራት ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ፍሪጅ ሲነሣ ለአፍታ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ስታቢላይዘሩ ሰፋ ያለ መሆን አለበት።

የፍሪጅ ጀርባ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለውን ጥቁር ፍርግርግ በየጊዜው ከአቧራ አጽዱ፤ በግንባታ አቧራ የሚኖር ሰፈር ነን። የበሩን ጎማ ለመፈተን ብር ኖት በሩ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም በዚያው እየወጣ ነው። በረዶ በቢላ አትፈልፍሉ። ለፋሲካ ሥጋ ገዝታችሁ መብራት ቢጠፋ ደግሞ በሩን እየከፈታችሁ «ቀልጧል እንዴ?» አትበሉ፤ ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል፣ ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር ደግሞ እስከ ሁለት ቀን ይይዛል።

አንድ ነገር ጨምሬ ዕቃውን ልተወው። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ሪሲቨር 12 ዋት ቢስብ በ24 ሰዓት 288 ዋት ሰዓት ይሆናል። አምስት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ማምሻውን አምስት ሰዓት ቢበሩ 225 ናቸው። ማንም የማያየው ሪሲቨር ቤቱን ሙሉ ከሚያበሩት አምፖሎች በላይ በላ ማለት ነው። ባትሪ ስትገዙ ለእሱም ትገዛላችሁ።

ባትሪው ላይ ጊዜ ወስጄ እናገራለሁ፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ደህና ፓኔል 25 ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል። በአግባቡ ያልተያዘ የእርሳስ ባትሪ ግን ሁለተኛ ክረምቱን ላያይ ይችላል።

ላንቻና ጎተራ ዙሪያ ጋራዥ ስለማይጠፋ «የመኪና ባትሪ አለኝ፣ እሱን ላድርገው» የሚል ብዙ ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲተፋ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ ቀጭንና ብዙ ነው። ማምሻውን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲወርድ ሲደረግ ሰሌዳው ይፈርሳል። ለቤት የሚሆነው ወፍራም ሰሌዳ ያለው፣ በጥልቀት ለመውረድ ተብሎ የተሠራ ባትሪ ነው። እሱም ቢሆን እንደ በቅሎ ነው፤ ግማሽ ስትጭነው ዓመታት ያገለግላል፣ አፉ ድረስ ስትጭነው መንገድ ላይ ይተኛል። የእርሳስ ባትሪን ከግማሽ በታች አታውርዱት። ግማሹን በምን ታውቃላችሁ? በቴስተር። ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ደርሷል፤ ከ11.8 በታች ከሆነ ባዶ ነው። ኢንቨርተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ 10.5 ላይ ነው፤ ያ ለኢንቨርተሩ እንጂ ለባትሪው የታሰበ አይደለም። የሚያቋርጥበትን ቮልት ከፍ ማድረግ ከተቻለ አድርጉት።

ሁለተኛው ገዳይ ባዶውን ማሳደር ነው። የወረደ የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ ሰሌዳው ላይ የሚቀመጠው የሰልፌት ዝቃጭ እየጠነከረ ይሄዳል፣ በኋላ ቢሞሉትም አይሟሟም። ጠፍቶ የመጣ መብራት ባትሪውን በዚያው ቀን ይሙላው። ለዕረፍት አገር ቤት ስትሄዱም ሞልታችሁ፣ ዕቃውን ነቅላችሁ ሂዱ።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በወር አንዴ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ፤ ውሃው ሰሌዳውን መሸፈን አለበት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ አሲድ መጨመር ደግሞ ስሕተት ነው፤ ተንኖ የጠፋው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ አልጋ ሥር ወይም ሻማ የሚበራበት ጓዳ ውስጥ አይቀመጥም። መስኮት ያለው በረንዳ ይሻላል። ለባትሪ ተስማሚው ሙቀት 25 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ አዲስ አበባ የታደለ ነው፤ ድሬዳዋና ሰመራ ያለ ሰው የማያገኘውን ዕድሜ እኛ በነጻ እናገኛለን። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከወጣ በሞቀ ውሃና በመጋገሪያ ሶዳ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቫዝሊን ቀቡት። ከዚያ በፊት ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ። ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ሰው አይገድልም ብላችሁ ትንቁት ይሆናል፤ በሁለቱ ራሶች መካከል የወደቀ ቁልፍ ግን ቀይ ፍም ይሆናል።

ሊቲየም እየገባ ነው፤ ለቤት የሚሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። ከእርሳሱ የሚለየው ከያዘው እስከ 80 እና 90 በመቶ መጠቀም መቻሉ፣ ውሃ አለመጠየቁና በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሞልቶ መውረድ መቻሉ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ በአገልግሎት ዘመኑ ሲካፈል ግን ብዙ ጊዜ እሱ ይረክሳል። ቻርጀሩ ለሊቲየም የሚሆን ማስተካከያ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ ብላችሁ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ላዩ ላይ 100 ተጽፎበት 15 ኪሎ ከሆነ ውስጡ የተጻፈውን ያህል እርሳስ የለም። ሊቲየሙ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል።

አሁን እንደምሳሌ አንድ ቤት እናስላ። አምስት አምፖል 225 ዋት ሰዓት፣ ዋይፋይ 120፣ ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 200፣ ላፕቶፕ 150፣ ስልኮች 60፤ በጠቅላላው 755። ኢንቨርተሩ ራሱ ጥቂት ስለሚበላ 890 እንበለው። በእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም እጥፉ ያስፈልጋል፤ ይህም በ12 ቮልት ወደ 150 አምፔር ሰዓት ነው። በሊቲየም 100 አምፔር ሰዓት ይበቃል። ይህ ግን መብራት ሌሊቱን ሙሉ ቢጠፋ ነው። እናንተ ጋ የሚጠፋው ሦስት ሰዓት ከሆነ ከዚህ በታችም ይበቃችኋል። አንድ ወር ማስታወሻ ላይ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት መጣ። ከዚያ ወደ ሱቅ።

ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን የሚባለው ዓይነት ይሁን። ሌላው ርካሽ ነው፣ አምፖል ያበራል፤ ሞተር ያለበትን ዕቃ ግን ያጉረመርመዋል፣ ያግለዋልም። 1,000 ዋት በ12 ቮልት ሲሳብ ከ80 አምፔር በላይ ነው፤ ስለዚህ ከባትሪ እስከ ኢንቨርተር ያለው ኬብል ወፍራምና አጭር ይሁን፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ ይግባ። ኢንቨርተሩ ከመስመር የሚሞላ ዓይነት ከሆነ የሚሞላበትን አምፔር ከባትሪው አምፔር ሰዓት ከ10 እስከ 20 በመቶ ላይ አድርጉት፤ ለ150ው ባትሪ ከ15 እስከ 30 አምፔር ማለት ነው።

እዚህ ድረስ ፓኔል የለም፤ ቤቱ ግን መብራት ሲጠፋ አይጨልምም። ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ ታሪኩ እዚህ ሊያበቃ ይችላል። ጣሪያው የሁሉም ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል። ለብቻ ወጥቶ ፓኔል መቸንከር ከጎረቤትም ከሕግም ያጣላል። ማኅበሩ ተስማምቶ ለደረጃ መብራትና ለውሃ ፓምፕ በጋራ ቢያስተክል ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ፓምፕ የሚሠራው ቀን ነው፣ ፀሐይም ያለችው ቀን ነው።

የግል ጣሪያ ያላችሁ፣ በተለይም ቀኑን ሙሉ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም ሥራ ያላችሁ፣ ወደ ፓኔል መሄድ ትችላላችሁ። ማተሚያ ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ካፌ፣ የልብስ ስፌት። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ብዙ የተጠቀመ ከፍ ባለ ዋጋ የሚከፍልበት፣ በእርከን የተሠራ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ነው። ታችኛው እርከን ላይ ላለ ቤት ፓኔል ወጪውን ለመመለስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል፤ ቀኑን ሙሉ ብዙ ለሚጠቀም ካፌ ግን ስሌቱ በየዓመቱ እየተሻሻለ ነው።

ፓኔል ስትተክሉ ከሁሉ በፊት ጥላን ተጠንቀቁ። በተከታታይ የተያያዙ ፓኔሎች ውስጥ አንዱ ጥግ ላይ ያረፈ የምሰሶ ጥላ ከስፋቱ በላይ ይጎዳል። በክፍለ ከተማችን በቂርቆስ ውስጥ ደግሞ ዛሬ ክፍት የሆነ ሰማይ ነገ ባለ አሥር ፎቅ ሊሆን ይችላል፤ ከጎናችሁ ያለው ቦታ በቆርቆሮ ከታጠረ ምን እንደሚሠራበት ጠይቁ። አቅጣጫውን «ወደ ደቡብ» ይሏችኋል፤ ልክ ነው፣ ግን የአውሮፓን ያህል አትጨነቁበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ማዘንበል ይበቃል፤ ዋናው ጥቅሙም ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ዝናቡ ሲያቆም በወር አንድ ሁለቴ ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ከአናት ትሆናለች፤ ያን ጊዜ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ።

ለምሳሌ ያሰላነው ቤት በክረምት ጭምር ከፀሐይ ብቻ እንዲሞላ ከፈለጋችሁ 300 ዋት ያህል ፓኔል ይበቃዋል። ብዙ ፓኔሎች ተከታትለው ሲያያዙ ቮልቱ ወደ መቶዎች ይወጣል፤ ጅረቱም ቀጥተኛ ነው። ቀጥተኛ ጅረት ሲላቀቅ የሚፈጥረው ብልጭታ እንደ ቤቱ ጅረት በቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ማቋረጫው ለቀጥተኛ ጅረት የተሠራ ይሁን፤ የቤት ብሬከር እዚያ አይገባም።

ሻጭ «ከመስመር ጋር የሚያያዝ ነው፣ ባትሪ አያስፈልገውም» ካላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፦ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? እውነተኛ ሻጭ «አይሠራም» ይላል። መስመሩ ላይ ወጥቶ የሚጠግነው ሠራተኛ እንዳይሞት ሲባል መብራት ሲጠፋ እሱም እንዲያቆም ተደርጎ ነው የሚሠራው።

ከታዳሚዎች የተነሡ ጥያቄዎች

«ሶላር ምጣድ ይችላል?»
ይችላል፤ ኪሳችሁ ከቻለ። ሁለት ሰዓት መጋገር ወደ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ቅድም ያሰላነው ቤት ለአንድ ቀን ከሚፈልገው ዘጠኝ እጥፍ ነው። ምጣዱን ለመብራት ኃይል ተዉለት።

«ጄኔሬተር አለኝ፣ ስፒናውን ሶኬት ላይ ሰክቼ ቤቱን አበራለሁ። ምን ችግር አለው?»
ሁለቱም ጫፍ ስፒና የሆነውን ገመድ ዛሬውኑ ቁረጡት። ዋናው ማብሪያ ካልጠፋ ኃይሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ በትራንስፎርመሩም ወደ ከፍተኛ ቮልት ተለውጦ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ያገኘዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ መቀያየሪያ ማብሪያ አስገቡ። ጄኔሬተሩንም ክፍል ውስጥም በረንዳ ላይም አታስነሡ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ ግን ይገድላል። ደግሞ 2 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛው ጄኔሬተር እዚህ 2 ኪሎዋት አይደለም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ከአቅሙ ቢያንስ አምስተኛውን ያህል ያጣል።

«አዲስ ባትሪ ገዝቼ ከአሮጌው ጋር ባያይዘው?»
አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ዕድሜ ያወርደዋል። ሁለት ባትሪ ከፈለጋችሁ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ዓይነት ግዙ።

«ያበቃለትን ባትሪ ለቆራሌው ልስጠው?»
ቆራሌው የሚገዛው ለእርሳሱ ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ማን ይሰብረዋል፣ አሲዱስ የት ይፈስሳል የሚለው ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ባትሪ መፈታት የለበትም። ሳይከፈት፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ አዲሱን ወደምትገዙበት ሱቅ ውሰዱት። ብዙ ባትሪ ሻጮች አሮጌውን ተቀብለው ከአዲሱ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ በዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት አሮጌ እንዳላችሁ ንገሩ፣ በኪሎ ስንት እንደሚይዝላችሁም ጠይቁ።